ሰላምታ ሳያልቅ ስለሚዘጋው ሬዲዮ

ነሐሴ 7 ቀን 2002 ዓ.ም.
ሾላ በር ቀበሌ

ለተከበሩ አቶ ክንፈ
የገጠር ጤና ሬዲዮ ግንኙነት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
መካነ ሰላም

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለመላው የጽሕፈት ቤትዎ ባልደረቦች የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ልጆችዎ ደህና ናቸው? የመካነ ሰላም ብርድ አልጠናብዎትም? እኛ ረመዳንን ከያዝን ዛሬ ሦስተኛ ቀናችን ነው፤ እርስዎም ፍልሰታ ላይ ነዎትና የሁላችንንም ጾም አላህ ይቀበለን። ሰላምታዬን እንዲህ ያስረዘምኩት በወረቀት ላይ የሚቆርጠኝ ስለሌለ ነው፤ እርስዎ ባደሉን የእጅ መገናኛ ሬዲዮ ቢሆን ኖሮ ገና የልጆችዎን ደህንነት ስጠይቅ መስመሩ ተዘግቶብኝ ነበር።

ፈርሂያ ጀብሪል እባላለሁ፤ የሾላ በር ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። በእርስዎ መዝገብ ግን የምታወቀው «ጣቢያ ሰባት» በሚል ነው። ቀበሌያችን ከኋላዋ ገደል፣ ከፊቷ የጭላት ወንዝ ስላለባት፣ ወንዙ ከሞላ እስከ መስከረም ድረስ የሚገባም የሚወጣም የለም፤ የሞባይል ኔትወርክም አይደርሰንም። ከወንዙ ማዶ ጣቢያ ስምንት አለ። ጣቢያውን የሚጠብቁት አቶ አድማሴ ሁለት የመኪና ጎማ ከመነዳሪና አንድ ረጅም ገመድ የተቀመጡበትን የንብረት ክፍል ቁልፍ ይዘዋል። ደጋው ላይ ዝናብ ሳይጥል ባደረበት ጠዋት ውሃው ለጥቂት ሰዓት ይጎድላል፤ በዚያች ሰዓት የማዶ ዋናተኞች በከመነዳሪውና በገመዱ ሰው ማሻገር ይችላሉ። ይህ የሚሆነው ግን በሬዲዮ ከተጠሩ ብቻ ነው፤ «ገመዱ ያለ ሬዲዮ ትዕዛዝ ከንብረት ክፍል እንዳይወጣ» ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት።

ከወንዙ ወዲህ ደግሞ አልታየች አለች። የመጀመሪያ ልጇን ደሴ ድረስ ሄዳ በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ ሁለተኛውን በዚህ ወር መጨረሻ የምትጠብቅ፣ ከሐምሌ ወዲህ የደም ግፊቷ ከፍ ያለ ሴት ናት። እዚህ፣ ከአንድ አልጋና ከአንድ ፋኖስ ጋር፣ እኔ እጅ ላይ መውለድ የለባትም። ሰኔ 20 ቀን ላሻግራት ተነጋግረን ነበር፤ ወንዙ ግን የእኛን ዕቅድ ስላላነበበ ሰኔ 12 ቀን ሞላ። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ስለ አልታየች ነው፤ ስለ ሬዲዮ ሊሆን የቻለው በእርስዎ መልካም ፈቃድ ነው።

ከዚህ በፊት ሦስት ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ልኬልዎታለሁ። ሦስቱም መዝገብ ቤትዎ በሰላም እንደሚያርፉ ስለተነገረኝ ይህኛውን ሳላሽገው በግልጽ መጻፍ ግድ ሆኖብኛል። ቅሬታ ብዬ ልጠራቸው አልደፍርም፤ ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ከኅዳር እስከ ግንቦት ስለሰጡን የጸጥታ ወራት እናመሰግናለን። ሬዲዮው እንደመጣ ማዶ የሚባለውን ሁሉ ይሰማ ነበር፤ እኛን ግን ማንም አይሰማንም። ስድስት ወር ሙሉ አቶ አድማሴ «ሰባት፣ ሰባት፣ አለሽ ወይ?» እያሉ ይጣራሉ፣ እኔ «አለሁ» እላለሁ፣ እሳቸው «ይች ልጅ ቀበሌውን ጥላ ሄዳለች» ይላሉ፤ ይህንንም አጥርቼ እሰማለሁ። በግንቦት ሁለት ቀን በእግሬ ተጉዤ ስመጣ ባለሙያዎ ከኮምፒዩተሩ ጋር በገመድ አገናኝቶ ያየው ነገር፣ የመናገሪያው የሞገድ ቁጥር ተሳስቶ መሞላቱን ነው። በመሥሪያ ቤቶች የለውጥ ሥራ ጊዜ ግድግዳዎ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ «ሬዲዮ ፕሮግራም ማስተካከል፦ 22 ደቂቃ» ይላል። ሐሰት የለበትም፤ ባለሙያው በሃያ ደቂቃ አስተካከለው። በቀሪዋ ሁለት ደቂቃ ምን እንደሠራባት ያወቅሁት ቀበሌዬ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፦ በዚያች ሁለት ደቂቃ፣ አንድ ሰው መስመሩን ይዞ እንዳያስቸግር፣ ሬዲዮው እንደ ሌሎቹ ጣቢያዎችና እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ሬዲዮ ሁሉ በአሥራ አምስት ሰከንድ እንዲዘጋ ተደርጓል። ከተዘጋም በኋላ አንድ ደቂቃ ካልሞላው አይከፈትም። ማንም እንዳይቀይረውም የይለፍ ቁጥር ተደርጎበታል። እኔ ይህን የደረስኩበት ሬዲዮው ተበላሽቷል ብዬ ባትሪውን ሦስት ጊዜ ከቀያየርኩ፣ አንቴናውን ነቅዬ ከመለስኩና ወደ ኮረብታው ከወጣሁ በኋላ፣ በመጨረሻ የእጅ ሰዓት ይዤ ስቆጥር ነው። እርስዎ የወሎ ሰው ስለሆኑ አላስተምርዎትም፤ ሰው ሰላም ሳይባባል፣ ልጁን፣ ከብቱን፣ ሰብሉን፣ ዝናቡን ሳይጠያየቅ ወደ ቁም ነገር አይገባም። አቶ አድማሴ «ሰላም ዋልሽ ወይ፣ ክረምቱ እንዴት ይዞሻል፣ እነ አባትሽ ደህና፣ ላሟ ወለደች…» ሲሉ ጢጥ ይላል። እኔ ደግሞ «አልሐምዱሊላህ፣ እርስዎስ፣ ወገብዎ ተሻለዎ፣ ጤፉ…» ስል ጢጥ ይላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስለ አቶ አድማሴ ወገብና ጤፍ ብዙ አውቄያለሁ፤ ስለ ውሃው መጉደልና መሙላት ግን አንድ ጊዜም አልተነጋገርንም።

ይህን በገበያ ቀን በተላከ ደብዳቤ ባመለክት ጽሕፈት ቤትዎ ሳይውል ሳያድር በሬዲዮ መልስ ስለሰጠኝ ምስጋናዬ እጥፍ ነው። መልሱ እንደሚከተለው ነበር፦ «ወይዘሪት ፈርሂያ፣ በጽሑፍ ያቀረቡት አቤቱታ ለጽሕፈት ቤታችን ደርሶ፣ በሚመለከተው የሥራ ሂደት ታይቶና ተመርምሮ፣ አስፈላጊው ማጣራት ከተደረገበት በኋላ፣ ከመመሪያው አንጻር…» ጢጥ። ከመመሪያው አንጻር ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አልታየች አጠገቤ ቁጭ ብላ ስትሰማ ቆይታ፣ «እነሱም ሰላምታ ላይ ናቸው እንዴ?» አለችኝ።

ሦስተኛ፦ በሰኔ መጨረሻ «በሬዲዮ ሰላምታ መለዋወጥ ተከልክሏል፤ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ይገባ» የሚል ሰርኩላር ስላወጡልን እናመሰግናለን። መመሪያ አክባሪ ስለሆንኩ ሐምሌ 5 ቀን ጠዋት ያለ ሰላምታ «የአልታየች ግፊት ከፍ ብሏል፤ ለእናቷ ይነገራቸው፤ ለማሻገር ይዘጋጁ» ብዬ አስተላለፍኩ። ዘጠኝ ሰከንድ ብቻ ወሰደ። ክቡርነትዎ ግን ሰርኩላሩን ሲጽፉ ሳይዘነጉት የማይቀር አንድ ነገር አለ፤ በእኛ ዘንድ ሰላም ሳይል የሰው ስም የሚጠራ መርዶ ነጋሪ ብቻ ነው። አቶ አድማሴ ከስሟ በኋላ ያለውን አልሰሙም። በኋላ እንደነገሩኝ፣ «ልጄ፣ ሰላም ሳትይኝ አልታየች ስትይ ጊዜ ለመርዶ ተነሳሁ» ነው ያሉት። ሬዲዮውን እዚያው ጥለው ወደ እናቷ ወደ እማማ በዛች ቤት ሄዱ።

ከቀትር በፊት ከማዶው ኮረብታ ላይ ዳስ ሲተከል አየን። የወንዙ ድምፅ ጩኸት አያሳልፍም፤ ሰዉ ደረቱን ሲመታ ብቻ ይታያል። አልታየች ከጤና ኬላው በር ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና «ዳሱ እኮ የእኛ ደጅ ላይ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ እናቷ ሞታ መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ እወንዙ ዳር ተቀመጠች። እናት ከማዶ ለልጇ፣ ልጅ ከወዲህ ለእናቷ፣ አንዷ ሌላዋን እያየች ሲያለቅሱ ዋሉ፤ ማዶ ያሉት ነጠላዋን ስታወዛውዝ ሲያዩ ከእኛ ወገን ካሉት አልቃሾች አንዷ መሰለቻቸው። እኔ ሬዲዮውን ይዤ እጣራለሁ፣ የሚሰማ ግን የለም፤ ሰሚው ለቅሶ ላይ ነው። አመሻሹ ላይ አቶ አድማሴ ሬዲዮውን ሊወስዱ ሲመለሱ አገኘኋቸው፤ የተሰጠኝን አሥራ አምስት ሰከንድ ሙሉ ለሰላምታ አዋልኩት። «እንዴት ዋላችሁ፣ እነ እማማ በዛች እንዴት ናቸው፣ ከብቱ፣ ሰብሉ፣ እኛ ሁላችንም አልሐምዱሊላህ…» እያልኩ ጢጥ እስኪል ቀጠልኩ። ስለ አልታየች አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ ሰው እንዳልሞተ ግን በዚያ ገባቸው። «አብሽሪ ልጄ፣ በዛችም አለች» የሚል መልስ መጣ። የአልታየችን ግፊት በዚያ ማታ ስለካው ከጠዋቱ ብሶ ነበር። መመሪያዎን በመጣሴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አራተኛ፦ ገመዱን ለማስወጣት የሚተላለፈው ትዕዛዝ የተሟላ እንዲሆን ስላሳዩት ጥንቃቄ እናመሰግናለን። በመመሪያዎ መሠረት ትዕዛዙ የጣቢያውን ቁጥር፣ የአስተላላፊውን ሙሉ ስም፣ የታካሚዋን ስም እስከ አያት፣ ቀበሌውን፣ ምክንያቱን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የሚወጣውን ንብረት ዓይነትና ብዛት እንዲሁም የደብዳቤ ቁጥር መያዝ አለበት፤ ደግሞም «ሳይቋረጥ በአንድ ጊዜ» መነበብ አለበት፤ የተቋረጠ ትዕዛዝ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ሰዓት ይዤ ባነበው አርባ አንድ ሰከንድ ፈጀብኝ። አልታየች «ቆይ እኔ ልሞክረው» ብላ በአንድ ትንፋሽ ብታወርደው ሠላሳ ሦስት ሆነ። ሬዲዮው የሚፈቅደው አሥራ አምስት ነው። «የአያቴን ስም ብንተወው እኮ ወንዙን እስከ ግማሹ እሻገር ነበር» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ፊቷ ማበጡ ይበልጥ ይታያል።

አምስተኛ፦ ሐምሌ 24 ቀን ስለደረሰኝ የመጨረሻ መልስዎ ቃል አጣለሁ። የሰከንዱ ልክ በኮምፒዩተር ሊቀየር እንደሚችል፣ ይህም የሚሆነው «ንብረቱን የተረከበችው ሠራተኛ መሣሪያውን በአካል ይዛ ስትቀርብ» መሆኑን በማኅተም አረጋግጠውልኛል። ትዕዛዝዎን ለመፈጸም መንገዱን ደጋግሜ አሰብኩት። መካነ ሰላም ለመድረስ ወንዙን መሻገር አለብኝ፤ ለመሻገር ገመዱ መውጣት አለበት፤ ገመዱ እንዲወጣ ትዕዛዝ መተላለፍ አለበት፤ ትዕዛዙ እንዲተላለፍ ሬዲዮው መስተካከል አለበት፤ ሬዲዮው እንዲስተካከል መካነ ሰላም መድረስ አለብኝ። ጅዳ ያለው የአልታየች ወንድም መካነ ሰላም ደውሎ የፈለገውን ያህል ሰላም ይባባላል፤ እኛ ግን በዓይን የሚታየንን ማዶ በአንድ ዓረፍተ ነገር መድረስ አልቻልንም።

የምጠይቅዎት ብዙ አይደለም። ሬዲዮውን በመስከረም ራሴ አመጣዋለሁ፤ ይለፍ ቁጥሩንም ይያዙት። «ገመዱ ለአልታየች ይውጣ» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት አንዲት ወረቀት ለአቶ አድማሴ ይላኩላቸው። ማኅተሙ በእጅዎ ነው፤ ከመካነ ሰላም እስከ ወንዙ ማዶ መንገዱ ክፍት ነው።

ወረቀቱ ባይመጣም እንዳያስቡ የተስማማንበትን ላሳውቅዎት። ከእኛ ሦስት ሰዓት ሽቅብ ሲኬድ ወንዙ ጠበብ የሚልበት ገደል አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያተኛ ማዶውን ስለሚያልፍ ደብዳቤያችንን በድንጋይ ጠቅልለን በወንጭፍ የምንወረውረው እዚያ ነው፤ ይህም ነገ በዚያው መንገድ ይመጣልዎታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ነሐሴ 15 ቀን፣ ለቀብርና ለለቅሶ የሚጠራው ቅሬያችን አልታየችን በቃሬዛ ተሸክሞ ጎህ ሲቀድ እዚያው ይደርሳል። አቶ አድማሴም በወንጭፍ በላኩልኝ መልስ «ሬዲዮው ካላዘዘኝ እኔ ራሴን አዝዣለሁ» ብለዋል፤ የንብረት ክፍሉን ከፍተው ገመዱንና ከመነዳሪዎቹን ከዋናተኞቹ ጋር ይዘው ይመጣሉ። ውሃው ከጎደለ ትሻገራለች። ካልጎደለ እዚያው ዳር ዳስ ጥለን እስኪጎድል እንጠብቃለን። ከሥራ ቢያባርሯቸው አቶ አድማሴ ሽማግሌ ናቸው፤ እኔን ለማባረር ደግሞ በመጀመሪያ ማሻገር ያስፈልግዎታል።

ለሥራዎ ያለዎት ትጋት፣ ለመመሪያ ያለዎት ፍቅርና ለንብረት ያለዎት ርኅራኄ ለትውልድ እንዲተርፍ እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ የምሰናበት፣

ፈርሂያ ጀብሪል
የሾላ በር ጤና ኬላ፣ ጣቢያ ሰባት

ግልባጭ፦
ለመካነ ሰላም ገበያ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ይህን ለማተም ለሚፈቅድ ማንኛውም ጋዜጣ
ለአቶ አድማሴ፣ ጣቢያ ስምንት
ለመዝገብ ቤትዎ (ከሦስቱ ደብዳቤዎቼ ጎን እንዲያርፍ)

ማስታወሻ፦ በንብረት መዝገቡ ላይ «ወጪውን የፈቀደው ኃላፊ» የሚል ረድፍ አለ። አቶ አድማሴ ባዶውን ይተው አሉ፤ እኔ የእርስዎ ስም ይጻፍ አልኩ፤ በመጨረሻ ስምዎን በእርሳስ ለመጻፍ ተስማማን። አልታየች ደህና ከተገላገለች መጥተው በእስክሪብቶ ያድምቁትና በሩብ ዓመቱ ግምገማ ላይ ያቅርቡት። ያልተገላገለች እንደሆነም አይጨነቁ፤ ላጲሱን በወንጭፍ እንልክልዎታለን።