ጋራዡን የያዘችው ፎርድ

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

ዛሬም ዶፍ። የምነዳውን ስኩል ባስ መልሼ፣ ግሮሰሪዬን ታቅፌ፣ ከመንገድ እስከ በር በሩጫ... ጋራዥ እያለን! ስድስት ዓመት ሙሉ ጋራዡ የባሌ የፍሰሐ ፎርድ ነው። የ1932 ሥሪት። ፓራፋንጎ የላት፣ ኮፋኖ የላት፣ ሞተሯ ራቁቱን። እኔና ቶዮታዬ ሲልቨር ስፕሪንግ መንገድ ዳር።

ምኗን ወደድከው ስለው ያችኑ ወሬ ያመጣል። ድሮ እዚሁ ቅርባችን አሌክሳንድሪያ ጋራዥ አብሮት የሠራ ሽማግሌ መካኒክ የነገረውን። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ጎረምሶች አሮጌ ፎርድ ገዝተው፣ ከባድ ከባዱን ነቅለው ጥለው፣ ባዶ የአውሮፕላን ሜዳ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ሩብ ማይል ይፈተለኩ ነበር አሉ። "ምነው ያኔ በኖርኩ!" ይላል። የስልሳ አምስት ዓመት ሰውዬ!

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 16

ፍሰሐ እራት ላይ፦ "ዘንድሮም በአሮጌ መኪኖቹ ውድድር ቀን ካልሮጠች ሽጥልኝ እያለ ለሚለምነኝ ለሮክቪሉ ሰውዬ እሸጣታለሁ። በቃኝ።" ካቻምና ውኃዋ ፈላ፣ አምና ካምቢዮዋ ተሰበረ።

ደስ አለኝ? አዎ... ትንሽ። ግን እጁ በቅባት ተለውሶ ከጋራዥ ሲወጣ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ አውቃለሁ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 4

ጉድ ሠራሁ።

ውድድሩ ሜዳ ደርሰን ፍሰሐ ሊመዘገብ ሄደ። ከመኪናዋ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ያንን ሞተር ሳየው ፈራሁለት። በዚህ ቆርቆሮ! ከቤተ ክርስቲያን በሃይላንድ ያመጣሁት ጠበል ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። በስመ አብ ብዬ ሞተሩ ላይ ለቀቅኩት። ቶዮታዬም ስትገዛ ተረጭታለች፣ ምን ሆነች?

ተራው ደረሰ። ቢያስነሳት አልነሳ አለች። ደገመ። ሠለሰ። ልጃችን ፀዲ "ዳድ፣ ኢትስ ኦኬ" ትላለች። ወረደና "በቃ አሰፋሽ፣ ጋራዥሽን ውሰጂ" አለኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ዝም ብል ማን ያውቃል? ግን ያንን ፊት እያየሁ...

"ጠበል ረጭቼባት ነው።"

"ምን?"

"ሞተሩ ላይ። ግማሽ ሃይላንድ።"

ፀዲ "ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ!" ብላ አፏን ያዘች። ፍሰሐ አየኝ፣ አየኝና... ሳቁን ለቀቀው! ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ነገር ክዳኑን ነቀለ። ውስጡ ውኃ። "ጨርቅ!" ሲል ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፍፌ ሰጠሁት። ጥለቱ ሳይቀር በቅባት ተለወሰ። ይለወስ!

ውስጡን አድርቆ ክዳኑን መለሰና... ተነሳች! ሩብ ማይሉን በአሥራ ሰባት ሰከንድ ጨረሰች። ጎኑ የነበረው ቀደመው፤ ማን ጉዳዩ! እልልታዬን ሳቀልጠው ፈረንጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 5

ነጠላው ሁለቴ ታጥቦም ቅባቱ አልለቀቀም። ፍሰሐ የሮክቪሉን ሰውዬ ኮል አድርጎ "አልሸጥም" አለው። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። ደስ ብሎኝ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

"አንቺስ አትሞክሪያትም?" አለኝ።

"አብደሃል? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባስ ነድቼ አንድ የቅጣት ቲኬት የለኝ!"

"ለዚያ እኮ ነው።"

ባዶ ፓርኪንግ ሎት ወስዶ ፍሪሲዮኗን አለማመደኝ። አራቴ አጠፋኋት። አምስተኛው ላይ... ሄደች!

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 25

ዛሬ ውድድሩ ሜዳ ላይ ለማንም ክፍት የልምምድ ቀን ነበር። ሄልሜቱን ከማጥለቄ በፊት ጠበሉን ራሴ ላይ ብቻ ረጨሁ። ፍሰሐ ሞተሩን ከልሎ ቆሞ!

መነሻው መስመር ላይ መብራቶቹ ከላይ ወደ ታች ነው የሚበሩት። ቢጫ፣ ቢጫ፣ ቢጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ። እኔ ደግሞ የሰው ልጅ ጭኜ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቢጫ ሳይ እግሬ ፍሬን ላይ ነው። "የመጨረሻው ቢጫ ላይ ልቀቂያት" ብሎኛል።

ሦስተኛው በራ። ለቀቅኳት። ጮህኩ መሰለኝ... ሃያ ሁለት ሰከንድ! ፀዲ አቅፋኝ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ "ጎበዝ!" አለችኝ።

ማታ ቤት ስንደርስ ዶፍ። ቶዮታዬን መንገድ ዳር ትቼ፣ ፎርዷን በገዛ እጄ ጋራዥ አስገባኋት።