የረቡዕ ዓሣ

ሰኞ፣ ኦገስት 5

ጠዋት ጭጋግ። የዝናብ መለኪያው ሁለት ሚሊሜትር። የጎረቤቴን የውሃ ፓምፕ ፈትቼ ገጠምኩ። ከከተማ መጥቶ ያየው ባለሙያ ሞተሩ ተቃጥሏል ብሎት ነበር። አልተቃጠለም። ያለቀው ጎሚኒው ነው፤ ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው የጎማ ቀለበት። የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ጎሚኒ አያይም... እኔ የምስክር ወረቀት የለኝም፤ አያለሁ።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ካማንዴ ከናይሮቢ ደወለ። ነገ ወደ ባሕር ይወስደናል፤ እኔን፣ እናቱንና የእሱን ልጅ ጋቶኒን። ስድስት ቀን። ሚስቱን መሥሪያ ቤቷ አልለቀቃትም። አልሄድም አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ወደ ጓዳ ስገባ ሚስቴ ኛዊራ ሻንጣውን አዘጋጅታ ጨርሳለች። ማንን ጠይቃ?

"አንተ ከፈለግክ ቅር" አለችኝ። "ሻንጣው ይሄዳል።"

እሺ፣ እሄዳለሁ። ግን የባሕር ሰው የሚበላው ዓሣ ነው። አባቴ ዓሣ የእባብ ዘመድ ነው ይል ነበር። በእኛ ተራራ ዓሣ የቀመሰ ሽማግሌ አላውቅም። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ አሁን አልጀምርም። አንድ ባልዲ ሙሉ የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ አስቀቀልኩ። ለስድስት ቀን ይበቃኛል።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 6

ባቡሩ ሊነሳ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲቀረው ናይሮቢ ጣቢያ ደረስን። ጋቶኒ ለምን እንዲህ ቀደም ብለን መጣን ብላ ጠየቀች። በሕይወቴ አንድም ቀን ዘግይቼ አላውቅም አልኳት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ይህን ብታውቅ አይጎዳትም።

ፈታሹ ባልዲውን አስከፈተኝ። ምንድን ነው አለ። ምሳ። ለስንት ሰው? ለአንድ። አሳለፈኝ፤ ግን ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው።

ባቡር፣ ከዚያ ጀልባ፣ ከዚያ መኪና። ቲዊ የምትባል የባሕር ዳር መንደር ገባን። ሙቀቱ የጤና አይደለም። ካማንዴ የተከራየው ቤት ጥሩ ምድጃ አለው። ይህንኑ ለኛዊራ ነገርኳት።

"የካማንዴ አባት፣ ስድስት ቀን እሳት አልነካም" አለች።

ተቆጥታ አይደለም... እንደ ማስታወቂያ ነው የተናገረችው። አርባ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሰምቼ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኦገስት 7

ንፍሮው ተበላሸ። ክዳኑን ስከፍት ጋቶኒ ከቤት ሮጣ ወጣች። ጓሮ ቀበርኩት። በእኛ አገር ሦስት ቀን ንክች አይልም። ጥፋቱ የሙቀቱ ነው።

በእግር የሚደረስ አንድ ምግብ ቤት ብቻ አለ። ጣሪያው የዘንባባ ቅጠል፣ ወለሉ አሸዋ፣ ጠረጴዛው አራት። ባለቤቷ ቢ ምዋናኮምቦ ትባላለች፤ ወፍራም፣ ለምንም ነገር የማትቸኩል ሴት። የምግብ ዝርዝር የላትም። ምን አለ አልኳት።

"ዓሣ አለ፣ አባቴ።"

ሌላስ?

"ሌላ ዓሣም አለ።"

ሁለት የተቀቀለ እንቁላል አዘዝኩ። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ዶሮዋን ይሆን የሚጠብቁት?

ለኛዊራ አንድ ሙሉ ዓሣ መጣላት፤ ከነዓይኑ። ግራ ይገባታል ብዬ ስጠብቅ... ጎኑን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው፣ አጥንቱን ከጭራው በኩል ይዛ ሳብ። አንድም ሳይቀር ወጣ፤ እንደ ማበጠሪያ። እኔ ፓምፕ ስፈታ እንኳ እንዲያ አይቀናኝም። የት ተማርሽው አልኳት።

"ዛሬ ረቡዕ ነው" አለች።

ቢሆንስ?

"ረቡዕ ረቡዕ ዓሣ እበላለሁ።"

ረቡዕ የእኛ የገበያ ቀን ነው። ጎመኗን ይዛ ብቻዋን ነው የምትወርደው...

ሐሙስ፣ ኦገስት 8

አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ገበያው ውስጥ አንዲት ዓሣ ቤት ከተከፈተች ጀምሮ በየሳምንቱ። ለምን ደበቅሽኝ አልኳት።

"አልደበቅኩም። ዓሣ ቤት ተከፍቷል፣ አንድ ቀን አብረን እንሂድ አልኩህ። በዚህ ቤት የዓሣ ስም ሁለተኛ እንዳይነሳ አልክ። አላነሳሁም።"

ብያለሁ? ሳስበው... ብያለሁ።

ምሳ ላይ ቢ ምዋናኮምቦ ለእኔ ቦሎቄ ሠርታ ጠበቀችኝ። እንዲህ ያለ ቦሎቄ በልቼ አላውቅም። ሁለት ሳህን ጨረስኩ። ሦስተኛ ላዝዝ ስል ካማንዴ ምን እንደገባበት ያውቃሉ ወይ አለኝ። የኮኮናት ወተት ነው። ማክሰኞ ዕለት መንገዱን ሙሉ፣ ኮኮናት የፀጉር ቅባት እንጂ ምግብ አይደለም ስል ነበር። ሦስተኛውን ተውኩት። እስኪመሽ ድረስ ስለ እሱ አሰብኩ።

ዓርብ፣ ኦገስት 9

መጥፎ ቀን።

ቦሎቄ የለም ተባለ። ዝም ብዬ እንቁላሌን መላጥ ነበረብኝ። አልቻልኩም። አባቴ ስለ ዓሣና ስለ እባብ የነገረኝን ለጋቶኒ ነገርኳት... ቅርፊቱን፣ ያለ እግር መሄዱን፣ ዓይኑን አለመክደኑን። ሁሉም እውነት ነው፤ መጽሐፍ ላይም አይቻለሁ። ልጅቷ ሹካዋን አስቀመጠች። ሳህኗን አየች። ከዚያ አለቀሰች።

ኛዊራ ሳህኗን አነሳች፣ የልጅቷን እጅ ይዛ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደች። "ዳቦም ይሁን እንቁላል፣ ከንግግርህ ጋር ብላው" አለችኝ። ሰው ፊት።

ካማንዴ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አባዬ፣ ይህን ጉዞ ያሰብኩት እኔ አይደለሁም። እማዬ ናት የለመነችኝ። 'አንድ ጊዜ እንኳ ከአባትህ ጋር ቁጭ ብዬ፣ ሌላ ሰው አብስሎ ያቀረበልንን ከአንድ ሳህን ብንበላ' ነው ያለችው። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።"

እሷ ታቀርባለች፣ እኔ እበላለሁ፣ እሷ ጓዳ ትበላለች። ቤታችን እንዲህ ነው የኖረው። ቅር የተሰኘ ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር። ጠይቄስ አውቃለሁ?

ቅዳሜ፣ ኦገስት 10

እንቁላል። ብቻዬን። ኛዊራ ከቢ ምዋናኮምቦ ጋር ስትስቅ ዋለች። አንዴም ወደ እኔ አላዩም፤ ስለዚህ የሚያወሩት ስለ እኔ ነው።

ነገ ከምሳ በኋላ እንመለሳለን። ኛዊራ ግን ለካማንዴ፣ እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቢ ምዋናኮምቦ ጋ እሰነብታለሁ ብላዋለች። እስከ መቼ? አልነገረችውም። ለእኔማ ጭራሽ።

ይቅርታ ልበል? ብዬ አላውቅም። ከየት እንደሚጀመር እንኳ...

እሁድ፣ ኦገስት 11

ጠዋት ማንም ሳይነሳ ምግብ ቤቱ ሄድኩ። ቢ ምዋናኮምቦ ጓሮ ውስጥ ፓምፗን በዱላ ስትመታ አገኘኋት። ጎሚኒ ነው። ከአሮጌ የላስቲክ ጫማ ቆርጬ ገጠምኩላት፤ ውሃው መጣ። ምን ላድርግልዎት አለችኝ። ዓሣ እያየኝ መብላት አልችልም አልኳት። ሳትስቅ ሰማችኝ።

"ጭንቅላቱን ወደ እማማ እናዞረዋለን፣ አባቴ። እሳቸው አይፈሩትም።"

በምሳ ሰዓት ኛዊራ ጠረጴዛ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሳልጠራ። ቢ ምዋናኮምቦ አንድ ትልቅ ዓሣ በአንድ ሳህን አምጥታ መካከላችን አኖረችው፤ ጭንቅላቱ ወደዚያ። ኛዊራ ዓሣውን አየች፣ እኔን አየች። አጥንቱን ሳበች። ነጩን ሥጋ ቆርሳ በእኔ በኩል አደረገችው።

ዋጥኩት።

"እንዴት ነው?"

ጨው ያንሰዋል አልኩ። አላነሰውም ነበር... ግን የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝ። ጨውን አቀበለችኝ። መነስነስ ግድ ሆነ። ያን ጨዋማ ነገር እስከ መጨረሻው በላሁት።

ጋቶኒ ከአባቷ ጠረጴዛ ሆና "አባባ እባቡን በላው" ብላ ለቤቱ ሁሉ አሳወቀች። ከዚያ የራሷንም ጨረሰች።

ኛዊራ ሻንጣዋን መኪናው ላይ ጫነች። እኔ አልጠየቅኳትም። ባቡሩ ውስጥ አምስት ጊዜ ውሃ ጠጣሁ፤ በጠጣሁ ቁጥር እየሳቀች ናይሮቢ ገባን።

ረቡዕ፣ ኦገስት 14

ጭጋግ። የዝናብ መለኪያውን አላየሁም። ከኛዊራ ጋር ገበያ ወረድኩ።

ጎመኗን ሸጣ እስክትጨርስ ቆሜ ጠበቅኩ። ዓሣ ቤቷ ከበግ ተራው ጀርባ ናት፤ ጢስ የጠገበ ግድግዳ፣ ጥቂት ወንበሮች። ሰው ሞልቶ ቆሞ የሚበላም ነበር። ኛዊራ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት በመስኮቱ በኩል ነው አሉ፤ ቦታዋን ለቀቁላት። ቁጭ እንዳለች ቅርጫቷን ፊት ለፊቷ ያለው ወንበር ላይ አኖረች። ሳታስበው... እጇ ለምዶት።

ባለቤቱ ጠረጴዛውን ሊወለውል መጣ። ጎልማሳ ነው። እኔን አየ፣ ቅርጫቱን አየ።

"እርስዎ ነዎት እንዴ?"

ማን?

"የሚመጡት ሰውዬ። ሰው ሲበዛብን እማማን ቅርጫቱን ያንሱልን ስንላቸው፣ ተይዟል፣ ሰው ይመጣል ይሉናል። አባቴ በነበረበት ጊዜም እንዲሁ ነበር።" ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለው። "በጣም ዘገዩ፣ አባባ።"

ኛዊራ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

መልስ ነበረኝ። በሕይወቴ አንድም ቀን... አልተናገርኩትም።

ቅርጫቱን አንስቼ መሬት አስቀመጥኩ። ተቀመጥኩ።