ቢጫው ብርሃን የማን ልጅ ነው?

ጥቅምት 12
ብርድ። ሁለት ሹራብ ደርቤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የታሪክ ፈተና... ይለፍ።
ከሰዓት አያቴን አባባ ከዲሮን ዓይን ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ግራ ዓይናቸውን ስኳር በሽታ ከወሰደው ቆይቷል። ዛሬ ዶክተር መክሊት ቀኙን አየችና ወንበሯን ወደ እኛ አስጠጋች። ሐኪም ወንበር ሲያስጠጋ አልወድም።
"አባባ፣ ከዓይንዎ ጀርባ ያሉት ደም ስሮች እያፈሰሱ ነው። በቢጫ ሌዘር ካላሸግናቸው ይሄኛውም ይሄዳል።"
"ወዴት ይሄዳል?" አሉ አባባ።
ማንም አልሳቀም። እኔ ብቻ... ትንሽ።

ጥቅምት 14
እምቢ አሉ። ምክንያት? "ዘሩን የማላውቀውን ነገር ዓይኔ ውስጥ አላስገባም።"
ሙሽራ ስትመጣ ጎሳዋን ይጠይቃሉ፣ እሺ። በሬ ሲገዙ እናቱን ይጠይቃሉ፣ እሱንም ለምደነዋል። አሁን ደግሞ ብርሃን?
"የማን ልጅ እንደሆነ ንገሩኝና እሄዳለሁ።"
እማዬ አለቀሰች። እኔ "ይሄማ ቀላል ነው" አልኩ። ምን አስቸኮለኝ?

ጥቅምት 17
ዶክተር መክሊትን ጠየቅኳት። ስቃ ስታበቃ አስረዳችኝ። ልክ እንደ ትውልድ ሐረግ አድርጌ ወረቀት ላይ ሣልኩት።
አያትየዋ ዳዮድ ናት። ትንሽዬ። ኤሌክትሪክ ትበላለች፣ ለዓይን የማይታይ ብርሃን ትተፋለች። ብርሃኗን ኒዮዲሚየም የሚሉት ብረት የተበተነበት ክሪስታል ይውጠዋል። ሲጠግብ፣ በሁለት መስታወት መካከል፣ ሁለት ዓይነት ብርሃን ይወልዳል፦ 1064 እና 1319። እነሱም አይታዩም። ከዚያ ሁለቱ አብረው ሌላ ክሪስታል ውስጥ ይገባሉ። ሲወጡ አንድ ሆነዋል። 589። ቢጫ!
ለምን እንዲህ ዙሪያ ጥምጥም? ቢጫን በቀጥታ የሚወልድ ደህና ክሪስታል ስለጠፋ። ቢጫው የተፈለገው ደግሞ ደም አጥብቆ ስለሚመጠው ነው።
ኮራሁ። ነገ አቀርባለሁ።

ጥቅምት 18
አባባ ከወዳጃቸው ከኦቦ ኢብሳ ጋር ተቀምጠው አዳመጡኝ። መጀመሪያ ሒሳቡ ላይ ያዙኝ።
"1064 እና 1319 ተደምረው 589? በማን ሚዛን?" ዕድሜ ልካቸውን ገብስ ነግደዋል፣ አይሸወዱም።
"አባባ፣ ቁጥሩ የማዕበሉ ርዝመት ነው። ማዕበሉ ባጠረ ቁጥር ጉልበቱ ይበረታል። የተደመረው ጉልበቱ ነው።"
"እንደ ኢብሳ ነዋ።"
ኦቦ ኢብሳ እስከ ትከሻዬ ናቸው። አልሳቁም።
አባባ ወረቀቱን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ቆዩ።
"እነዚህ ሁለቱ ከአንድ ክሪስታል ነው የወጡት?"
"አዎ።"
"ወንድምና እህት ናቸዋ።"
ወረቀቱን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ። አልለቀቁም።
"ወንድምና እህት ተጋብተው የወለዱትን ነው ዓይኔ ውስጥ የምትከቱት? አስተግፊሩላህ!"
አለቀ። እዚህ አገር ከአንድ ጎሳ እንኳ አይጋቡም። እኔ በገዛ እጄ ካንድ ማህፀን አውጥቼ ሣልኳቸው።

ጥቅምት 20
"አረንጓዴ ሌዘርስ?" ብዬ ሞከርኩ። እሱ ከ1064 ብቻ ነው የሚወጣው፣ ከራሱ ጋር ተደምሮ።
"ከራሱ ጋር!" አሉ።
ከእንግዲህ አፌን ብዘጋ ይሻላል።

ጥቅምት 24
ዛሬ አባባ ሻይ ሲቀዱ ብርጭቆውን ሳቱት። ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። አልታወቃቸውም። ባዶውን ብርጭቆ አንስተው ፉት አሉና "ቀዝቅዟል" አሉ።
በሌላ ቀን ቢሆን ለሳምንት የሚበቃ ሳቅ ነበር። አልመጣልኝም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ? እኔ ነኝ።

ጥቅምት 25
ኦቦ ኢብሳ ቤት ሄድኩ። የሰፈሩ ሙግት ሁሉ የሚያልቀው እሳቸው ጋ ነው።
"ኦቦ፣ ልጅ በጉዲፈቻ ቢወሰድ ጎሳው የማን ነው?"
"የአሳዳጊው።"
"ወላጆቹ ጥፋት ቢኖርባቸውስ?"
"የወሰደው ቤት አይጠይቅም። መጠየቅ ነውር ነው።" ከዚያ ቀና ብለው (ወደ ላይ፣ ያው) አዩኝ። "አንቺ ልጅ፣ ተንኮልሽ ከማን ነው የመጣው?"
"አሁን መጠየቅ ነውር ነው አላሉም?"
በበትራቸው ሊነኩኝ ሲሉ ወጣሁ።

ጥቅምት 26
ፍርድ ተሰጠ። ኦቦ ኢብሳ ቆመው ተናገሩ። ቆመውም፣ ተቀምጠውም ያው ነው።
"ስማኝ ያ ከዲሮ፣ ያጠፉት ወላጆቹ ናቸው። ልጁ ምን አደረገ? በጉዲፈቻ ውሰደው። ያንተ ልጅ ይሆናል።"
አባባ አሰቡ። "በዚህ ዕድሜዬ ልጅ ላሳድግ?"
"ማን አሳድግ አለህ? ይጡርህ።"
እማዬ ወደ ጓዳ ሮጠች። ልታለቅስ ነው ወይስ ልትስቅ? አላየሁም፣ እኔም ተከትያት ሮጫለሁ።

ጥቅምት 29
ተደረገ። አባባ አገጫቸውን ማሽኑ ላይ አሳርፈው "ቢስሚላህ። ና ልጄ" አሉ። ዶክተር መክሊት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ማሽኑን አበራች።
"ያለው እንዳይሄድ ነው የምንሠራው። መሻሻሉ ከመጣም ወራት ይፈጃል" አለችን። ከመጣም... ይህቺን "ም" አልወደድኳትም።

ጥር 30
ምርመራ። ማፍሰሱ ቆሟል።
ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ አባባ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ሊመርቁኝ ነው ብዬ ዝግጁ ሆንኩ።
"ኢስራ፣ አገጭሽ ላይ ምንድን ነው? ብጉር ነው?"
ሹፌሩ ሳይቀር ዞሮ አየኝ።
"ይሄው ሌላ። ግንባርሽ ላይም አለ!"
እስከ ቤት ድረስ ጮክ ብለው ቆጠሩት። አንዱም እንዳያመልጣቸው ሻሼን ወደ ኋላ ሳብ አድርጌ ያዝኩላቸው።