ወንበርሽ የት እንደሄደ

ልዩ፣
ሌባ አልገባም። ወንበርሽን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ልጁ ሊነጋ ሲል ጡት እንደያዘ እስካሁን አለቀቀም። አራት ሰዓት ሆኗል። የአርባ አምስት ቀን ክትባቱ ደግሞ ዛሬ ነው። ከተነሳሁ ሰፈሩን በለቅሶ ያምሰዋል፤ ስለዚህ ባለባጃጁ ጉተማ ከነወንበሩ ተሸክሞ ሊያስገባኝ ሞከረ። አልገባ አልን። አሁን ጋሪ ሊጠራ ሄዷል፤ እኔም ደጅ ላይ ተጎልቼ በአንድ እጄ እጽፍልሻለሁ። አላፊ አግዳሚው "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይለኛል እንጂ ምን ሆነሽ ነው ያለኝ የለም።

የወንበሩ አንድ እግር ባጃጁ በር ላይ ትንሽ ተሰንጥቋል። ይቅርታ።

የቤቱ ቁልፍ ጎረቤት እትዬ ቡዜ ጋ ነው።
ገመዱ ላይ የተሰጡትን የልጁን ጨርቆች አስገቢልኝ።

ትናንት "ወተትሽ ውሃ ሆኖ ነው የማይጠግበው" ያልሽኝን ረስቼዋለሁ።

ዛሬ ጤና ጣቢያ ይመዝኑታል። የእኔንና የወንበሩን ኪሎ እንዲቀንሱ እነግራቸዋለሁ።

ኪሎ ከጨመረ፣ እላዩ ላይ እንደተቀመጥኩ ወንበሩን ከጋሪ የምታወርጂው አንቺ ነሽ።
ካልጨመረ ግን ምንም አትጠይቂኝ። አጥሚት ብቻ ሠርተሽ ጠብቂኝ።

ቢሊሴ