ሳያውቁ እንዳይመርቁት

እንደ አባት ላሳደጉኝ ለማከብርዎ ወንድሜ ለጋሼ አሥራት፤

ከልብ የመነጨ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካው የሚነሳብዎ የጉልበትዎ ሕመምስ ተሻለዎት? የእትዬ ማንጠግቦሽ ደም ግፊት ወረደላቸው? ሙሽራዋ አበባስ? እኛ ለነፍሳችን እንጃ እንጂ ለሥጋችን ደኅና ነን።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ለሚሆነው የአበባ ሰርግ ልጄን ኃይለልዑልን እንድልከው፣ እርስዎ ቤት እንዲያርፍና መርቀው እንዲሸኙት ጽፈውልኛል። ቲኬቱ ተቆርጧል። ነገር ግን ከመምጣቱ በፊት ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ።

የወታደር ልብሱን ለብሶ የተነሳውን ፎቶ ስልክልዎ፣ ኢራቅ መኪና ይጠግናል ብዬዎት ነበር። ለእኔም የነገረኝ ይህንኑ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለማገኛቸው ሴቶች ሁሉ ይህንኑ እያወራሁ ስኮራ ከረምኩ።

ታናሽ እህቱ ሜሪ ሕግ እየተማረች መሆኗን ያውቃሉ። ባለፈው እሑድ ከሲልቨር ስፕሪንግ ስትመጣ ወረቀት ይዛ መጣች፤ ኢራቅ ውስጥ ወታደሮች ስለያዟቸው እስረኞች ምርመራ መንግሥት በፍርድ ቤት ተገዶ ያወጣው ነው። ከምሳ በኋላ አንዱን እየተረጎመች አነበበችልኝ። እንዳይተኛ እጁን ወደ ላይ አስረው ስላቆሙት ሰው ነው። ስሙ በጥቁር ቀለም ተደልዟል፤ ያቆሙትም ስማቸው ተደልዟል። እግሩ መቼ እንዳበጠ፣ መቼ ልጆቹን እየጠራ እንዳለቀሰ ግን አንድም ሳይቀር ተጽፏል። እርስዎን ያሰቃዩት መርማሪዎች እንኳ ለመጻፍ ይህን ያህል አልተጉም።

እኔም ምነው ውሃ እንኳ ቢሰጡት ስል፣ ሶፋው ላይ ጋደም ያለው ኃይለልዑል ቀና ብሎ፣ ውሃማ ሰጥቼዋለሁ አለ። ሜሪ ማንበቧን አቆመች። ለዚሁ ሰው ነው ወይስ ለሌላ ብዬ ብጠይቀው፣ ብዙ ነበሩ አለኝ። የታዘዘውን ብቻ እንዳደረገ፣ እጁን እንዳላነሳባቸው፣ ሥራው ሲወድቁ ማስነሳት እንደነበር ነገረኝ። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር። በእንግሊዝኛ፣ ሥራ ሊቀጠር እንደሚጠየቅ ሰው ነው የመለሰልኝ።

ጋሼ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ከእስር ሲወጡ ጫማ አልገባ ያለውን እግርዎን በጨው ውሃ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያቆምዎት የነበረውን ወጣት እናት፣ ምን ዓይነት ማሕፀን ነው እያልኩ ስረግማት ኖሬያለሁ። ለካ እናትም ላታውቅ ትችላለች። ያ ሁሉ እርግማን ዞሮ እኔው ላይ አረፈ።

የወለደ አይጸድቅም፤ ዝም ብዬ ልልከው አስቤ ነበር። ሆኖም ያን ጉልበትዎን ስሞ ሲነሳ፣ ምንም ሳያውቁ እንዲመርቁት አልፈልግም። እንደምጽፍልዎ ለእሱም ነግሬዋለሁ። አይምጣ ካሉ ይቅር፤ አልቀየምዎትም። ይምጣ ካሉም ለእኔ ብለው አይሁን።

እትዬ ማንጠግቦሽን እጅ ነስቻለሁ። አበባን በዓይነ ሥጋ መጥቼ ባልድራትም በሩቁ መርቄያታለሁ ይበሉልኝ። አብረውዎት የታሰሩትን አቶ ያለውን ሰላም ይበሉልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን አያንብቡላቸው። ሜሪ ጉልበትዎን ስማለች። ኃይለልዑልም ሰላም በይልኝ ብሎኛል፤ እርስዎ እስኪፈቅዱ ድረስ ግን የእሱን አላደረስኩም።

እህትዎ ትብለጥ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
የካቲት 26 ቀን 1998 ዓ.ም.