ከስኮርታው ሥር ያየሁት

ውድ አባባ፣

ስልክ ስለማያነሱ ነው የምጽፈው። ታላቅ እህትዎ፣ አክስቴ ማርያም፣ «ደህና ነው፣ ብቻ ስምሽን ስጠራበት ፊቱን ያዞራል» ብላኛለች። ይሁን፣ ያዙሩ። ይህን ደብዳቤ ግን እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። ቅዳሜ ደጅዎ ላይ መኪና ሲቆም እንዳይደነግጡ ነው።

ሐጂ ኑሪና ጋሽ እምሩ ወደ ቤታችን ሲገቡ እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ። ተቀመጡ ቢሏቸው «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ያኔ የኮትዎን ቁልፍ ሲቆልፉ አየሁ። ወደ መጋረጃው ዘወር ብለው ፈገግ አሉ። እኔን ለትዳር ሊጠይቁ የመጡ መስሎዎት ነበር።

እነሱ ግን የጠየቁት የመኪናዎን ቁልፍ ነው። ወንድሜ ፋሩቅ ነው የላካቸው፤ እኔም አውቄ ዝም ብያለሁ። በሽማግሌ ፊት እምቢ እንደማይሉ ልጆችዎ ጠንቅቀን እናውቃለን። ቁልፉን ከኪስዎ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ በማግስቱ አኩርፈው ቡታጅራ አክስቴ ዘንድ ገቡ። ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልወጣም፣ አባባ።

ፋሩቅን አይቀየሙት። ፈርቶ ነው። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ መኪናዋን ከአንዲት ጃንጥላ ሻጭ ዕቃ ውስጥ ያስገቡ ቀን ተደውሎለት የደረሰው እሱ ነበር። ትራፊኩን «ልጄ፣ ይሄ የት ነው?» ብለው ሲጠይቁት ሰምቷል። ተወልደው ያረጁበትን ፒያሳ ነው የጠየቁት። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ደግሞ ከመኪና ሲወርዱ እኔን ማርያም ይሉኝ ነበር፤ ራሴን አመመኝ ብለው ይተኙ ነበር። እኛ እርጅና ነው አልን፤ ጎረቤት ደግሞ የሰው ዓይን ነው አለ። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስንልዎ «እርጅና በመርፌ አይድንም» ብለው ሳቁብን።

ባለፈው ሳምንት ፋሩቅ ለመኪናዋ ገዢ አገኘ። ሰውየው ከመምጣቱ በፊት አሳጥቢያት ብሎ ላከኝ። በክረምት መኪና ማሳጠብ የእሱ ብልሃት ነው። ዝናቡ ሲወርድ መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። ድልድዩ ጋ መንገዱ ተጨናንቆ ሞተር እንደተነሳ ቆምን። ራሴን አዞረኝ። ዓይኔ ከበደኝ። ከፊቴ ያለው ሚኒባስ የሄደ መሰለኝና እግሬን ከፍሬኑ አነሳሁ። ያነቃችኝ የሞተሩን ክዳን በመዳፏ የደበደበች ሴት ናት። ቀና ብዬ ሳያት ጃንጥላ ሻጯ ናት።

«ይቺ መኪና ከእኔ ጋር ምን ጠብ አላት?» አለችኝ። «ባለፈው ሽማግሌው፣ ዛሬ ደግሞ አንቺ።»

እኔን እርጅና አልያዘኝማ። እንደምንም ወርጄ ከግንቡ ሥር አስመለሰኝ። አፌን የምጠርግበት ጨርቅ ፍለጋ የኋላውን ኮፈን ስከፍት ጭስ ፊቴ ላይ ወጣብኝ። እርስዎ የሳሎናችንን ምንጣፍ ቁራጭ ያለበሱትን የስኮርታ መክደኛ አነሳሁ፤ ትርፍ ጎማውን በሁለት እጄ ጎትቼ አወጣሁት። ከሥሩ የመንገዱን አስፋልት አየሁ። ወለሉን ዝገት በልቶት ድስት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሆኗል። ከቀዳዳው ሥር የተሰነጠቀው የጭስ ማውጫ ማርሚታ ጭሱን ወደ ውስጥ ይተፋል። በጋ መስኮት ሲከፈት ነፋስ ይወስደዋል፤ በክረምት ግን እርስዎ ነበሩ የሚስቡት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። መኪናዋ በሽታዋን በገዛ ምንጣፋችን ደብቃ ኖራለች።

ወለሉን ምን እንደበላው ደግሞ ከእኛ ቤት በቀር የሚያውቅ የለም። ውኃ በፈረቃ በሆነብን ዓመታት ከመኪናዋ ኋላ በቢጫ ጀሪካን እየጫኑ ያመጡልን ነበር። ክዳናቸው አንድም ቀን በደንብ ገጥሞ አያውቅም። ታጥበን ትምህርት ቤት የሄድነው በዚያ ውኃ ነው። የፈሰሰውን የወለሉ ላሜራ ጠጣው።

መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቼ፣ በዝናብ በስብሼ ቤት ደረስኩ። ፋሩቅና ገዢው ደጅ ቆመው ይጠብቁኛል። አትሸጥም አልኩ። ፋሩቅ ጦፈ። በሰው ፊት አታዋርጂኝ አለ፤ አባባ ነገ ሰው ቢገጩ አንቺ ልትታሰሪላቸው ነው ወይ አለ። ክርክር አልገጠምኩም። ሞተሩን አስነሳሁ፣ መስኮቶቹን ዘጋሁና «ግባና ተቀመጥ» አልኩት። እልኸኛ ነው፣ የማን ልጅ ሆኖ፤ ገባ። እኔ የበሩን እጀታ ከውጭ ይዤ ቆምኩ። መጀመሪያ ሳቀብኝ። ቆይቶ ግንባሩን ማሸት ጀመረ። ከዚያ ዓይኑ ሲከደን ሳይ በሩን በርግጄ በክንዱ ጎተትኩት። ዝናቡ ላይ ቆሞ ሲተነፍስ ቆየና ለገዢው «ይቅርታ፣ የአባቴ መኪና ናት፤ አትሸጥም» አለው። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ አለቀሰ።

ያሠራትም እሱ ነው፣ ከአጠገቧ ሳይለይ። የበሰበሰው ላሜራ ተቆርጦ ወጣ፣ አዲስ ተበየደ፣ መጋጠሚያው ሁሉ ተደፈነ፣ ከላይም ከታችም የዝገት መከላከያ ቀለም ተቀባ። ማርሚታው ተለወጠ። መክደኛውን እኔ ነኝ ያሠራሁት። አሮጌው እንጨት እርጥበት አሳብጦት ስለነበር በወፍራም ኮምፖርሳቶ ተተካ። ሁልጊዜ በካቻቢቴ ሲታገሉት አይዎት ስለነበር እጅ ማስገቢያውን ሰፋ አስደረግሁት። ሠራተኛው አዲስ ሞኬት ላልብስልሽ ቢለኝ እምቢ አልኩ። ያንኑ የሳሎን ምንጣፍ ቁራጭ አጥቤ መልሼ አለበስኩት።

እኔና ፋሩቅ በዝናብ መስኮት ዘግተን ፒያሳን ዞርንባት፤ ራሳችንን አላመመንም። ግን አልዋሽዎትም፣ የረሱት ሁሉ ከጭሱ ይሁን አላውቅም። ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን፤ በዚህስ እሺ ይበሉኝ። ሐኪሙ እስኪያይዎት ድረስ መሪውን ፋሩቅ ይይዛል። ቁልፉ ግን የሚያድረው በእርስዎ ኪስ ነው፤ መንዳት የፈለገ እርስዎን ይለምናል።

ፋሩቅ ቁልፉን በፖስታ እንላክላቸው ቢል ሐጂ ኑሪ ተቆጡ፤ በሽማግሌ የወጣ ቁልፍ የሚመለሰው በሽማግሌ ነው አሉ። ስለዚህ ቅዳሜ እንመጣለን። ሐጂ ኑሪ ከፊት፣ እኔና ጋሽ እምሩ ከኋላ፣ ቀዳዳው ከነበረበት አጠገብ እንቀመጣለን። እስከ ቡታጅራ መስኮት አንከፍትም። ጋሽ እምሩ «ከሞትኩ እዚያው ከኋላ ጫኑኝ፣ ወለሉ እንደሆነ አዲስ ነው» ብለዋል።

ሲገቡ ተቀመጡ ይበሏቸው። ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም ይላሉ። በዚህኛው ጊዜ ግን ሊሰጡዎት ነው የሚቆሙት። ኮትዎን ይቆልፉ፣ አባባ።

ልጅዎ ፈይሩዝ
ከእሪ በከንቱ