አለህ ወይ የሚባባሉት ኮምፒውተሮች

ለምወድህ ወንድምዓለም ሙሐሲን፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱሏሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? የጅዳ ሙቀቱስ፣ ሥራውስ? ያምህ የነበረው ወገብህስ ተሻለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ ክረምቱም ጥሩ ይዟል። ሐሳባችን አንተ ብቻ ነህ። ድምፅህን ከሰማን ወራት አለፉ፤ ለዒድ እንኳ አልደወልክም፤ ስልክህም ቢሞከር ቢሞከር አይሠራም። ይህን የምጽፈው ታነበው እንደሆነ ሳላውቅ ነው። ጎረቤታችን ራሕማ ዒድን ከቤተሰቧ ጋር አሳልፋ ወደ ጅዳ ስለምትመለስ፣ ፈልጋ በእጅህ ትሰጥሃለች።

እንደምታውቀው እዚሁ መካነ ሰላም አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ኮምፒውተሮቹን የማያቸው እኔ ነኝ። የበሽተኛው ካርድ ሁሉ አሁን ሰርቨር የሚሉት ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። እሱ ከቆመ ካርድ ክፍሉም ቆመ፤ ያን ጊዜ «ጠይባን ጥሯት» ነው። ወግዲ ለሰርግ ሄጄ ሙሽራዋን ሳላይ ተጠርቼ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ሰርቨሩን ሁለት አደረግኩና፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ያለ እኔ ሥራውን እንዲረከብ አስተማርኳቸው። እንዴት ይተዋወቃሉ ብትል፣ ቀኑን ሙሉ «አለህ?» «አለሁ» ይባባላሉ። መልስ ሲጠፋ የቀረው ተነስቶ ቦታውን ይይዛል። የአንዱን ገመድ እየነቀልኩ ሲረካከቡ ማየት እንደ ልጅ ያስደስተኝ ነበር።

ታዲያ ባለፈው ሰሞን ከምሳ በኋላ ነጎድጓድ መጣ። ጥበቃችን ጋሼ ብዙነህ መብረቅ ሲሰሙ እንደ ማንኛችንም ያገኙትን ሶኬት መንቀል ነው። ሰርቨሮቹን እንዳይነኩ ለምኛቸው ስለነበር አልነኳቸውም፤ ሁለቱን የምታገናኘውን ትንሿን ሳጥን ግን ነቀሏት። ስለ እሷ አልነገርኳቸውማ። ሁለቱም ደኅና ናቸው፣ ግን አይደማመጡም። አንዱ ሌላውን ሞተ ብሎ፣ ሁለቱም ኃላፊ ነኝ ብለው ተነሱ። አንዱ ለካርድ ክፍሉ፣ ሌላው ለማዋለጃው ካርድ ማውጣት ቀጠሉ። አንዲት ነፍሰ ጡርና ጥርሳቸውን የታመሙ አንድ ሽማግሌ በአንድ ቁጥር ተመዘገቡልህ። ሽማግሌው እርግዝናዎ ስንት ወሩ ነው ሲባሉ ክሊኒኩ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲያልፍ ግን፣ መድኃኒት ተቀያይሮ ቢሆንስ ብዬ የዕለቱን ካርዶች አንድ በአንድ ሳመሳክር አመሸሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። ዝም ያለ ሁሉ ሞቷል እንዴ? ስመረምረው መፍትሔው ሦስተኛ ሆኖ ተገኘ። አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ የራሷ መስመር አላት። ሥራዋ ምስክርነት ብቻ ነው። ጓደኛው የጠፋበት ሰርቨር «ያኛው አለ ወይ?» ብሎ እሷን ሳይጠይቅ ቦታ አይረከብም። እሷንም ካጣ፣ የጠፋሁት እኔ ነኝ ብሎ ሥራውን ትቶ ይቀመጣል። ጋሼ ብዙነህን ለምኜ ሳጥኗን ዳግመኛ አስነቀልኳት። አንዱ ሥራውን ቀጠለ፣ ሌላው አደብ ገዝቶ ቁጭ አለ።

ይህን ሁሉ የምተርክልህ ያለ ነገር አይደለም። አጎታችን ሸህ መሐሙድ እንደ ሞተ ሰው ሰደቃህ ይውጣ፣ ማሳህንም ልጃቸው አሕመድኑር ይዝራው ማለት ጀምረዋል። ክፋት የላቸውም፤ የዘሩ ጊዜ እያለፈ ነው። እናታችን ግን የኮምፒውተሮቹን ነገር ደጋግማ አስተርካኝ ስለነበር፣ እንዲህ አለቻቸው፦ «ዝም ያለው እሱ ይሁን የማልሰማው እኔ በምን አውቃለሁ? ያየው ሰው ይንገረኝ።» እሳቸውም ራሕማ ጅዳ ደርሳ እስክትደውል ለመጠበቅ ተስማሙ። ማሳህ ታርሶ፣ ዘር ሳይወድቅበት ይጠብቅሃል።

ሥራ ለውጠህ ይሁን፣ ታመህ ይሁን፣ ታስረህ ይሁን አላውቅም። እኔ ፈርቻለሁ፣ ወንድሜ። ማውራቱ ቢከብድህ አትጨነቅ፤ አንዲት ሚስኮል ትበቃናለች።

ሸህ መሐሙድ ዱዓ ያደርጉልሃል። አሕመድኑር በሬዎችህ ወፍረዋል በይልኝ ብሏል። ታናሿ እህታችን ሀጀራ የላክላትን ጫማ ጭቃ እንዳይነካባት በእጇ ይዛ ነው የምትሄደው፤ ሰላም ትልሃለች። ጋሼ ብዙነህም ስለት ገብተውልሃል። እናታችንን ምን ልበልልሽ ስላት ሰላምታ አልላከችም። «አለሁ በይው፤ እሱም ይበለኝ» አለችኝ።

እህትህ ጠይባ

መካነ ሰላም፣ ሐምሌ 10 ቀን 2008 ዓ.ም.